የልምምድ ሰይፍ ሰገባ ለምን ይሰነጠቃል? ሲሰነጠቅስ ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?

የጃፓን ሰይፍ ስም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ብረቱ ነው። ብረቱ እንዴት እየታጠፈ እንደተቀጠቀጠ፣ ስለቱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ሞገድ ከየት እንደመጣ፣ አንጥረኛው የማን ተማሪ እንደነበረ በሰፊው ይተረካል። ሰይፉን አቅፎ የሚውለው የእንጨት ሰገባ ግን አስታዋሽ የለውም። በሰይፍ በሚለማመዱ ሰዎች እጅ ቀድሞ የሚያረጀው፣ ቀድሞ የሚሰነጠቀውና ቀድሞ ጥገና የሚሻው ግን እሱ ነው።

ነገሩ የአናጺ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም ከዚያ ይሰፋል። በአንዲት ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ የአየር እርጥበት፣ የእንጨት ክር አሰላለፍ፣ የሙጫ ኬሚስትሪና የሰው እጅ ልማድ ይገናኛሉ። ስንጥቁን ማንበብ የቻለ ሰው ሰገባው ምን እንደደረሰበት ያውቃል፤ ጥገናው ይያዝ አይያዝም ኮላ ሳይነካ መገመት ይችላል።

ስለት የሌለው ሰይፍ

ኢያይዶ ሰይፍ መምዘዝን፣ መሰንዘርን፣ ከስለቱ ላይ ደም የማራገፍን እንቅስቃሴና ሰይፉን ወደ ሰገባው መመለስን አያይዞ የሚያስተምር የጃፓን ጥበብ ነው። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከሃያሺዛኪ ጂንሱኬ ስም ጋር ይያያዛል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን መደበኛ ልምምድ ያወጣው የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በ7 ቅጾች የተጀመረው ዝርዝር አሁን 12 ደርሷል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት 12ቱን ቅጾች አምስት አምስት ጊዜ ቢደጋግም ሰይፉ 60 ጊዜ ይመዘዛል፣ 60 ጊዜ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግራ እጅ ሥራ አይፈታም። ቀኝ እጅ ሰይፉን ሲመዝዝ ግራ እጅ ሰገባውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ያለዚያ ረጅሙ ሰይፍ በወጉ አይወጣም። በኢያይዶ ሰገባ የሰይፍ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነው።

ለዚህ ልምምድ የሚያገለግለው ሰይፍ ኢያይቶ ይባላል። በቅርጹና በሚዛኑ እውነተኛውን ካታና ቢመስልም የተቀጠቀጠ ብረት አይደለም፤ በአብዛኛው የዚንክና የአልሙኒየም ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚሠራ ነው። ምክንያቱ ሕግ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው የጦር መሣሪያና የሰይፍ ይዞታ መቆጣጠሪያ ሕግ የተነሳ ስለት ያለው የብረት ሰይፍ ያለ ምዝገባ አይያዝም። ቅይጡ ግን ቢሞረድም የሚረባ ስለት ስለማይወጣለት ጀማሪው ሁሉ ይለማመድበታል። ይሁን እንጂ ስለት የለውም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ጫፉ ሹል ነው፤ እጅ ይበሳል።

በሩዝ የተጣበቁ ሁለት ግማሾች

የሰገባው እንጨት ሆኖኪ የሚባለው የጃፓን ማግኖሊያ ነው። የተመረጠው በጥንካሬው አይደለም። ቀላል ነው፤ ክሩ ደቃቅና እኩል ነው፤ ሰይፉን የሚያበላሽ ሙጫ መሰል ፈሳሽ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ሰይፉን አይጭርም። ሰይፉና ሰገባው ሲፋተጉ ተሸናፊው እንጨቱ እንዲሆን ታስቦ የተመረጠ ነው ማለት ይቻላል። ተጋዝቶ የወጣው እንጨት ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ተቀምጦ ይደርቃል።

ሰገባ ሠሪው አንዱን ጣውላ ለሁለት ይሰነጥቅና በየግማሹ ላይ የሰይፉን ቅርጽ በመሮ ይቦረቡራል። ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ መጋጠሚያው አንዱ መስመር በሰይፉ ስለት በኩል፣ ሌላው በጀርባው በኩል ይሄዳል። በደንብ በተሠራ ሰገባ ውስጥ ስለቱም ሆነ የሰይፉ ሰፊ ጎኖች እንጨቱን አይነኩም። ሰይፉን የሚይዘው ከእጀታው አጠገብ ያለው ሃባኪ ነው፤ ይኸውም ከመዳብ ወይም ከነሐስ የተሠራ አንገትጌ ሲሆን፣ በሰገባው አፍ ውስጥ በሰበቃ ብቻ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህ አፍ ኮይጉቺ ይባላል። ብዙውን ጊዜ በጎሽ ቀንድ ይጠናከራል፤ ምክንያቱም የሰገባው ውጥረት ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ግማሾቹን የሚያያይዘው ሙጫ የበሰለ ሩዝ ነው። ሶኩይ የሚባለው ይህ ሙጫ የሚዘጋጀው ሩዙን ጣውላ ላይ በመዘርጊያ ደጋግሞ በማሸት፣ አንድም ፍሬ እስከማይለይ በማላም ነው። ሩዙ ሲበስል ውሃ የጠጣው ስታርች ከእንጨቱ ሴሉሎስ ጋር ይያያዛል፣ ሲደርቅም ይጠነክራል። የሚጠነክረው ግን በልኩ ነው። ከእንጨቱ እንዳይበልጥ ሆን ተብሎ የተተወ ደካማ ሙጫ ነው። ሰገባው ውስጥ ዝገት ወይም ቆሻሻ ቢገባ ባለሙያው መጋጠሚያውን ከፍቶ፣ ውስጡን ጠርጎ፣ መልሶ ያጣብቀዋል። ሰገባው በኃይል ቢመታም የሚለቀው መጋጠሚያው እንጂ እንጨቱ አይሆንም። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠሩት የልምምድ ሰገባዎች በአብዛኛው በዘመናዊ ሙጫ የተያያዙ ናቸው። ሐሳቡ ግን ለጥገናም ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ይያዘው፦ መሰንጠቅ የግድ ከሆነ መሰንጠቅ ያለበት ሙጫው ነው።

እንጨት ቢቆረጥም ውሃ መጠጣቱን አይተውም

ከተቆረጠ መቶ ዓመት ያለፈው እንጨትም ቢሆን ከአካባቢው አየር እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። ሴሉሎስ ውሃ ይወዳልና። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚኖረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ነው። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱ ውሃ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ይህ ልዩነት የተጋነነ አይደለም። በቶኪዮ የሐምሌ ወር አማካይ እርጥበት ከ75 በመቶ ይበልጣል፤ በጥር ወደ 50 ይወርዳል። ሰገባው ተገዝቶ በክረምት ቀንና ሌሊት ማሞቂያ ወደሚነድበት የሰሜን አሜሪካ ወይም የአውሮፓ ቤት ሲገባ ደግሞ 30 በመቶና ከዚያ በታች ይጠብቀዋል።

ውሃ የወጣለት እንጨት ይኮማተራል፤ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ የሚቀንሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በወርዱ ግን፣ በተለይ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ሲለካ፣ ከእርጥብነት ፍጹም ደረቅ እስኪሆን ድረስ 8 በመቶ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። 8 በመቶው የሚከፋፈለው ከ28 በመቶ ውሃ እስከ ዜሮ ባለው መንገድ ላይ ነው። እንጨቱ ከ12 ወደ 6 በመቶ ከደረቀ የሚኮማተረው 1.7 በመቶ ያህል ይሆናል። ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰገባ ላይ ይህ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሰበቃ ብቻ ለሚገጥም ነገር ይህ ብዙ ነው።

አሁን ሰይፉ ሰገባው ውስጥ እንዳለ ክፍሉ ደረቀ እንበል። እንጨቱ መጥበብ ይፈልጋል፤ አፉ ውስጥ የተቀረቀረው የነሐስ አንገትጌ ግን አይኮማተርም። መሸሻ ያጣው እንጨት በወርዱ ይወጠራል። ወርዱ ደግሞ የእንጨት ደካማ ጎን ነው። ባሕር ዛፍ የፈለጠ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ መጥረቢያው ግንዱን ለመቁረጥ ብዙ ያደክማል፣ በቁመቱ ለመፍለጥ ግን አንድ ምት ይበቃዋል። በቁጥር ሲታይ እንጨት ክሩን ተከትሎ ሲሳብ የሚችለው ኃይል፣ ክሩን አቋርጦ ሲሳብ ከሚችለው 20 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከአፉ የሚጀምርበት ሌላም ምክንያት አለ። በእንጨት ውስጥ ውሃ ክሩን ተከትሎ የሚጓዘው ክሩን አቋርጦ ከሚጓዝበት ፍጥነት 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። የሰገባው ውጭ በቀለም ተሸፍኗል። አፉ ጋ ግን የክሮቹ ጫፎች ለአየር የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ አፉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ ያለው እንጨት ደግሞ ገና እርጥብ ነውና አይከተለውም። በዚህ ጉተታ ውስጥ የሚለቀው ዳሩ ነው። የተጋዘ ግንድ ጫፉ ላይ የሚሰነጣጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትንሽ ስንጥቅ ለምን ትንሽ ሆና አትቀርም?

እ.ኤ.አ. በ1913 ቻርልስ ኢንግሊስ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ያለውን ውጥረት ምን ያህል እንደሚያባዛ በሒሳብ አሳየ። ቀዳዳው በረዘመና ጫፉ በሾለ ቁጥር ውጥረቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከመራል። እ.ኤ.አ. በ1921 ሌላው እንግሊዛዊ አላን ግሪፊዝ መስታወት ላይ ባደረገው ጥናት ሐሳቡን ወደፊት ገፋው። ስንጥቅ የሚያድገው በማደጉ የሚለቀቀው ጉልበት አዲስ ገጽ ለመክፈት ከሚጠይቀው ጉልበት ሲበልጥ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ለሰገባ ባለቤትም ይጠቅማል፦ ስንጥቁ አራት እጥፍ ሲረዝም ለመቀጠል የሚበቃው ውጥረት በግማሽ ይቀንሳል።

እንጨት ክር ስላለው ከመስታወት ይለያል፣ ስሌቱም ይወሳሰባል። አካሄዱ ግን ያው ነው። ዛሬ ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ በ60 መዘዛና በ60 ምለሳ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥርም ለሚቀጥለው እርምጃ የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት የታለፈ ስንጥቅ በመጀመሪያው ቀን ከነበረው ጋር አንድ አይደለም።

ስንጥቁ ያለበት ቦታ ምን ይላል?

ምርመራው ቀላል ዕቃ ይበቃዋል፦ ባትሪ፣ ነጭ ወረቀትና አውራ ጣት። ሰይፉ ወጥቶ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ሰገባው በነጭ ወረቀት ላይ በአፉ ተደፍቶ በቀስታ መታ መታ ይደረጋል። የሚወርደው ብናኝ ይናገራል። ክሬም መልክ ያለው ደቃቅ የእንጨት ብናኝና ልጣጭ ከታየ ሰይፉ ውስጡን እየላጠው ነው። ጥቁር ቅርፊት ከሆነ የአፉ ቀለም እየተነሳ ነው። ከዚያ ባትሪው ወደ ውስጥ ይበራል፤ አውራ ጣትም አፉን በቀስታ ጫን ለቀቅ እያደረገ ስንጥቁ የት ድረስ እንደሚከፈት ያሳያል።

ስንጥቁ በመጋጠሚያው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሲከፈትም ገጹ ንጹህና ለስላሳ ከሆነ የለቀቀው ሙጫው ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ድርቀት ወይም አንድ ምት ነው። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ሰገባው በሚገባው ቦታ ተከፍቷል።

ስንጥቁ በስለቱ በኩል ባለው መጋጠሚያ ላይ ሆኖ ውስጡ ቦይ የመሰለ ጭረት ካለው ግን ጥፋቱ ከአየሩ ሳይሆን ከእጁ ነው። ትክክለኛ አመዛዘዝ ላይ ሰይፉ በጀርባው እየተንሸራተተ ይወጣል። ቀኝ እጅ ቸኩሎ ወደ ጎን ከወሰደው ወይም ግራ እጅ ሰገባውን በበቂ ካልሳበ፣ የመጨረሻው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲወጣ ሰይፉ በስለቱ በኩል አፉን ይጫናል። ስለት የሌለው ኢያይቶም ቢሆን በተደጋጋሚ ከተጫነ ለስላሳውን ማግኖሊያ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ሰገባ ማጣበቅ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መምህሩ አመዛዘዙን አይቶ ካላረመው አዲሱም ሰገባ በዚያው ቦታ ይከፈታል።

ስንጥቁ ከመጋጠሚያው ርቆ በሰፊው ጎን ላይ ከሆነ የተሰበረው እንጨቱ ራሱ ነው። ሰይፉ ሲመለስ ጫፉ የጎኑን ግድግዳ ወግቶት፣ ወይም ግራ እጅ አፉን ከልክ በላይ ጨብጦት፣ ወይም ሰገባው ግድግዳ ወይም ወለል መትቶ ይሆናል። ከአፉ አንድ ጋት ያህል ዝቅ ብሎ ኩሪጋታ የሚባል የማሰሪያ ገመድ ማለፊያ ጉብታ አለ። በዚያ ዙሪያ የሚታይ ስንጥቅ ደግሞ ገመዱ ወይም መቀነቱ ጉብታውን እየጎተተው መሆኑን ይጠቁማል። የግርጌው ጫፍ የተፈረከሰ እንደሆነ ሲቀመጡና ሲነሱ ወለል መምታት የተለመደ ምክንያት ነው።

ጥገናው

ለሰብሳቢ የሚሆን የቆየ ሰይፍና ስለታም የብረት ሰይፍ ሰገባ በቤት ውስጥ አይጠገንም፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው ኢያይቶን፣ ያውም መጋጠሚያው የለቀቀ ሰገባን ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ዘይት ነው። ሰይፍ በዘይት ስለሚታሽ የሰገባው አፍ ዘይት ጠጥቶ ይገኛል፤ በዘይት የራሰ እንጨት ደግሞ ሙጫ አይቀበልም። በአልኮል የተነከረ ጥጥ በስንጥቁ ውስጥ ብቻ፣ ውጩን ቀለም ሳይነካ፣ ደጋግሞ ይታለፍበታል፤ ከዚያም በደንብ እንዲደርቅ ይተዋል። አሮጌ ሙጫ ካለ በስለታም ጫፍ ይፋቃል እንጂ እንጨቱ አይሞረድም። ሁለቱ ገጾች ሲለያዩ የነበራቸውን ቅርጽ እንደያዙ ቢገጥሙ ይመረጣል።

ሙጫው አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ የእንጨት ኮላ ቢሆን ይበቃል። ሱፐር ግሉ ፈጣን ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ በቀን 60 ጊዜ የሚደርስበትን ንዝረት አይወድም። ኢፖክሲ ክፍተት ይሞላል፣ ጠንካራም ነው፤ ችግሩ ጠንካራነቱ ራሱ ነው። መጋጠሚያው ከእንጨቱ ከበረታ የሚቀጥለው ስንጥቅ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ እንጨት ይዞ ይሄዳል። ነጭ ኮላም ቢሆን በደንብ ሲያዝ ከለስላሳ እንጨት ስለሚበረታ፣ ሰገባውን ሌላ ጊዜ መክፈት ከታሰበ የሩዙ ሙጫ አሁንም ተመራጭ ነው።

ኮላው በስስ ይቀባል። ስንጥቁ በቀስታ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ፈሳሹ በጠባቧ ክፍተት ራሱን እየሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። የወፈረ ሙጫ የጠነከረ መጋጠሚያ አይሆንም፤ ሥራውን የሚሠራው ስስ ንጣፍና ጥሩ ጫና ነው። ሰገባ ክብና ጠማማ ስለሆነ ሞርሳ ቀለሙን ይጨፈልቃል። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁራጭ ተቆርጦ እየተወጠረ ቢጠመጠም ጫናው በዙሪያው እኩል ይሆናል። በአፉ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን እንጨት ይገባል፤ ሰይፉ ራሱ ግን በፍጹም አይገባም፣ ተጣብቆ ሊቀር ይችላልና። ወደ ውጭ የፈሰሰው ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይጠረጋል፤ ከዚያ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል።

ከደረቀ በኋላ ውስጡ በባትሪ ይታያል። የደረቀ የሙጫ ጠብታ ሰይፉን ስለሚጭር ይፋቃል። ቀጥሎ የአፉ መያዝ ይፈተሻል። ፍራሽ ላይ ዝቅ ተደርጎ፣ እጀታው ወደ ታች ሲዞር ሰይፉ በራሱ ክብደት መንሸራተት የለበትም። የግራ አውራ ጣት ከእጀታው ፊት ያለውን የእጅ መከላከያ ሲገፋው ደግሞ ያለ ትግል መላቀቅ አለበት። አፉ ሰፍቶ ከሆነ በሃባኪው ሰፊ ጎኖች ትይዩ ስስ የእንጨት ልጣጭ ይለጠፍና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየተሞከረ ይስተካከላል። በጣም ጠብቆ ከሆነ ቸኩሎ መፋቅ አያዋጣም፤ እንጨቱ የክፍሉን እርጥበት እስኪላመድ ጥቂት ቀን ሰጥቶ ደግሞ መሞከር ይሻላል።

ለተጨማሪ መከላከያ አፉን በክር መጠምጠም ያረጀ ብልሃት አይደለም። እንጨት የሚጎድለው በዙሪያው የሚሄድ ክር ነው፤ የሐር ወይም የበፍታ ክር ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሞ ቫርኒሽ ሲጠጣ ያንን ጉድለት ይሞላል። በጥንቱ ዘመን የላይኛው ክፍላቸው በራታን የተጠመጠመ ሰገባዎች ይሠሩ ነበር። የቀንድ ቀለበቱም ሥራ ይኸው ነው። ፕላስተር ግን ጥገና አይደለም። ስንጥቁን ከዓይን ይሸፍናል እንጂ ማደጉን አይከለክልም።

ቀለሙ

ባህላዊው የሰገባ ቀለም ኡሩሺ ነው፤ ከአንድ የእስያ ዛፍ ቅርፊት የሚደማ ወተት መሰል ፈሳሽ። የሚደርቀው እንደ ሌላ ቀለም ውሃው ተንኖ አይደለም። በውስጡ ያለ ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ኡሩሺዮል የተባለውን ንጥረ ነገር ሰንሰለት ያደርገዋል፤ ለዚህም ሞቃትና ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ይፈልጋል። ቀለም ቀቢው ለማድረቅ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል ቢባል ግራ ያጋባል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያደገ አንድ ዛፍ የሚሰጠው 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በጃፓን ከሚመረተው ኡሩሺ አብዛኛው የሚገኘው በኢዋቴ ግዛት ካለው ከጆቦጂ አካባቢ ነው።

ያልደረቀ ኡሩሺ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ዛፉ ከማንጎና ከካሹ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው፤ የማንጎ ልጣጭ የአንዳንድ ሰው ከንፈር ላይ ሽፍታ የሚያወጣው በተመሳሳይ ንጥረ ነገር ነው። ብዙ የፋብሪካ ሰገባዎች ደግሞ የሚቀቡት ከካሹ ቅርፊት ዘይት በተሠራ ቀለም ወይም በፖሊዩሬቴን ነው። ለጥገና ይህ ልዩነት ያስፈልጋል። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሰገባ የተነካካበት ቦታ ሁሌም ይታወቃል፤ የድንጋይ ገጽ የመሰለው ሸካራው አቀባብ ግን ጠባሳ ይደብቃል። በየወሩ የሚጋጭ ሰገባ ለሚይዝ ተለማማጅ ሸካራው ያዋጣል።

መቀየር ሲያስፈልግ

ሰፊው ጎን ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ኩሪጋታውን አልፎ ከወረደ፣ ውስጡ ተፍቆ ግድግዳው ከሳሳ፣ ወይም የተጠገነው መጋጠሚያ በዚያው ቦታ ደግሞ ከለቀቀ ሰገባው አገልግሎቱን ጨርሷል። ስለታም ሰይፍ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ስንጥቅ ይበቃል። የግራ እጅ ጣቶች ያሉት በዚያው አፍ ዙሪያ ነው፤ ስለታም ሰይፍ የተሰነጠቀ ሰገባን ሰንጥቆ መዳፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ምትክ መግዛት ጫማ በቁጥር እንደመግዛት አይደለም። ሰይፎች በርዝመት ቢመሳሰሉም በጥምዘታቸውና በሃባኪያቸው ይለያያሉ። ኢያይቶ በቅርጽ ማውጫ ስለሚፈስ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ አምራቹ የሰይፉን ዓይነትና ርዝመት ካወቀ ሰገባ ሊልክ ይችላል። የአንጥረኛ ሰይፍ ግን ራሱ ወደ ሰገባ ሠሪው መሄድ አለበት። በመለኪያ ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ሊላኩ የሚገባቸው ልኮች እነዚህ ናቸው፦ የሰይፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ሃባኪው ጀርባ፣ በመሐሉ ያለው ጥምዘት፣ ከሥሩና ከጫፉ አጠገብ ያለው ወርድ፣ የሃባኪው ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት። የሃባኪው ልክ በካሊብሮ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወሰዳል፤ ሰይፉ ወረቀት ላይ ተጋድሞ ዙሪያው በእርሳስ ቢነደፍ ደግሞ የጥምዘት ስህተትን ይቀንሳል።

ሰገባ አሠራር የሚሞክር እንጨት ሠሪ ማግኖሊያ ካጣ ፖፕላር ወይም ሊንደን መጠቀም ይችላል። ኦክ አይመከርም፤ ጠንካራ ነው፣ በውስጡ ያለው ታኒንም ብረትን ያጠቃል። ያልደረቀ እንጨት ደግሞ በምንም ዓይነት አይሞከርም፤ ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ መጣመሙም መሰንጠቁም አይቀርለትም።

አዲሱ ሰገባ ዕድሜው እንዲረዝም የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ከማሞቂያና ከመኪና ውስጥ ሙቀት ይራቅ። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ሰይፉ ዘይት ሲቀባ ትርፉ ተጠርጎ ይመለስ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት አፉን በአውራ ጣት ጫን ብሎ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያዋ ስንጥቅ በታየችበት ቀን ሰይፉን አስቀምጡትና ልምምዱን በእንጨት ሰይፍ ጨርሱ፤ የተሰነጠቀ ሰገባ በኮላ ይጠገናል ወይም በገንዘብ ይተካል፣ የተበሳ መዳፍ ግን ለወራት ከልምምድ ያስቀራል።